ከሞጣ የመጣ ኮሶ

ነገሌ ቦረና ገብታችሁ የሀረገወይንን ቤት ብትፈልጉ ሰው መጠየቅ አያሻችሁም፤ አፍንጫችሁን ተከተሉ። ከከብት ገበያው ወረድ ብሎ፣ የጦር ካምፑን አጥር ታኮ በሚሄደው ኮረኮንች መንገድ ጫፍ፣ ቆዳ በእንጨት ተወጥሮ የተሰቀለበት ግቢ የእሷ ነው። መንገደኛ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እሷ ግድ የላትም። በግራር ልጣጭ ብቻ ታለፋለች፤ «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ቶሎ የሚያለፋ መድኃኒት ሞልቶ ለምን ትደክሚያለሽ?» ሲሏት ወሬ ትቀይራለች። ሰላም ስትሏት ትመልሳለች፣ ቀልድ ስትነግሯት ትስቃለች፣ ለቅሶ ቤት ትቀመጣለች። ብቻ አታለቅስም። የሰፈሩ ሰው «ሀረገወይን ድሮ እንዲህ አልነበረችም» ይላል። እውነት ነው፣ አልነበረችም።

ድሮ ማለቴ ባሏ ፍስሐ በሕይወት በነበረ ጊዜ ነው። ፍስሐ የሞጣ ልጅ ነው፤ በደርግ ዘመን ወታደር ሆኖ ነገሌ ተመደበና እዚሁ ሀረገወይንን አገባ። እሷም የወታደር ልጅ ናት፤ ካምፑ አጥር ሥር ተወልዳ ያደገች፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል የምታቀላጥፍ፣ ምላሷ የሾለ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ጦሩ ተበተነ። ጓደኞቹ እግራቸው ወደመራቸው ሄዱ፤ ፍስሐ ሚስቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው አልነበረምና ቀረ። ይቅር፤ ግን ምን ይብላ? ከመተኮስ በቀር ሥራ አያውቅም።

ያወጣው ዶዮ ነው። ዶዮ ከከተማው ውጭ ከብት የሚያረባ ቦረና ነው፤ የፍየልና የበሬ ቆዳ ይዞ ገበያ ይወጣል። አንዳንድ ቀን ገዥ ያጣና ቆዳው ፀሐይ ላይ ተበላሽቶ ይጣላል። ፍስሐ ይህን አየ። የዶዮ እናት በግራር ልጣጭ ቆዳ ስታለፋም አየ፤ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ተማረ። ኋላ ደግሞ ቆዳ ፋብሪካ ሠርቶ የወጣ አንድ የድሮ ጓዱ «በልጣጭ ስንት ጊዜ ትጠብቃለህ፣ ሞኝ!» ብሎ በቆርቆሮ ጣሳ አንድ ነገር አመጣለት። ብርቱካናማ ነው፣ እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። ስሙን ማንም አልነገራቸው፤ ባልና ሚስቱ «ቀዩ ጨው» አሉት። ቀዩ ጨው ከሌላው መድኃኒት ጋር ተበጥብጦ ቆዳውን ቶሎ ያለፋዋል፤ ትል ቢሉ ብል አያስጠጋም።

ጓንት የሚባል ነገር የለም፣ ማን ሰጥቶት! ቆይቶ በፍስሐ ጣቶች ላይ ክብ ክብ ቁስል ወጣ፤ በምስማር የተበሳ ይመስላል፣ አይድንም፣ ደግሞም አያምም። ለማያም ቁስል ማን ይጨነቃል? ቀበቶ ሠራ፣ ጫማ ሠራ፣ ለጭነት የሚሆን ጠፍር ሠራ። ከፊልቱ ሳይቀር እየመጡ ይወስዱለት ጀመር። ቤት ሠራ፤ አንድ ልጃቸውን ሉሲን ሐዋሳ ልኮ አስተማረ።

አንድ ነገር ብቻ ነበረ። ለአገሩ ሰው ምን ሠርቶ እንደሚበላ አልተናገረም። እናንተ የዛሬ ልጆች ላይገባችሁ ይችላል፤ ፍስሐ ባደገበት አገር ቆዳ የሚያለፋ ሰው «ፋቂ» ነው የሚባለው። ከፋቂ አይጋቡም፣ ማዕድ አይቀርቡም፣ ይባስ ብሎም ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይሉታል። ሰው በእጁ ሠርቶ በበላ ጅብ! እኔ ይህን ወግ ያወጣውን ሰው ባገኘው ነበር ደስ የሚለኝ። ብቻ ወግ ወግ ነው። የፍስሐ ታላቅ ወንድም ደግሞ ቄስ ናቸው፣ የተከበሩ ሰው። ስለዚህ ፍስሐ በሚመጣ በሚሄደው ሁሉ «የመንግሥት መጋዘን ላይ ነኝ» እያለ ይልክ ነበር። ሀረገወይንም አብራው ዋሸች። ያፈረችው በሥራው አይደለም፤ ባሏ በአገሩ ሰው ፊት እንዳያንስባት ነው።

በ1994 ዓ.ም.፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ቄስ ፍሬሰንበት ሳይልኩ ሳያስነግሩ መጡ። ወንድማቸውን ካዩት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። «ሳልሞት ዓይኑን ልየው» ብለው ከሞጣ ተነስተው፣ በየአውቶብሱ ተንገላተው፣ ነጭ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

ሀረገወይን በአጥሩ ቀዳዳ አየቻቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ፎቶ አይታለች፤ ግን አፍንጫቸው የፍስሐ ነው። «ኧረ በስመአብ!» አለችና ወደ ጓሮ ሮጠች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! እሷ በፊት ለፊት በር ወጥታ መስቀል እየተሳለመች፣ «እንዴት ሰነበቱ አባ፣ ዘመዱ ሁሉ እንዴት ነው?» እያለች ቄሱን ደጅ ላይ ስታቆያቸው፣ ፍስሐ በጓሮ ቆዳውን ሁሉ በአጥር ላይ ወደ ፋርሂያ ግቢ ይወረውራል። ፋርሂያ የግመል ወተት የምትሸጥ ሱማሌ ጎረቤታቸው ናት፤ በሳቅ ልትሞት ደረሰች።

ቄሱ ገብተው ሲቀመጡ አየሩን ማግ ማግ አደረጉ። «የምን ሽታ ነው?»

«የጎረቤት ነው አባ» አለች ሀረገወይን፣ ዓይኗን ሳታሽ። «ቆዳ ትነግዳለች። ምን እናድርጋት፣ ጎረቤት አይመረጥ።»

ከዚያ ወዲያ ፍስሐ በየጠዋቱ ኮቱን ለብሶ «መጋዘን» ይሄዳል፤ ሻይ ቤት ተጎልቶ ይውልና ማታ «ዛሬ ሥራ በዝቶ ነበር» እያለ ይገባል። ሚስቱ ቄሱ ሲተኙ በትራስ አፏን ይዛ ትስቅበታለች። ሳቅ እንዲያ የቀለለው ቤት ነበር።

ቄሱ ማርና ኮሶ ይዘው ነበር የመጡት። ማሩስ ማር ነው፤ ልባቸው ያለው ኮሶው ላይ ነው። «እዚህ ቆላ ጥሬ ሥጋ እየቆረጣችሁ ኮሶ ከየት ታገኛላችሁ? ዛፉ እንኳ አይበቅል» አሉ። እርግጥ ፋርማሲው ውስጥ ኪኒን ሞልቷል። ግን ወንድሙ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የተሸከመለትን ትቶ ኪኒን እውጣለሁ እንዴት ይበል? ቅዳሜ ጠዋት በባዶ ሆዱ ጠጣ። ቀኑን ሙሉ በር ተዘግቶ ተጠበቀ። ሆዱን ቆረጥ ቆረጥ ከማድረግ በቀር ምንም አልመጣም። ኮሶው አርጅቶ ይሁን፣ መንገድ አበላሽቶት ይሁን፣ እንጃ።

ቄሱ ተሳቀቁ። «ለካ ገለባ ነው ተሸክሜ የመጣሁት» አሉ፤ ያን ዕለት እራት በደንብ አልበሉም። ፍስሐ ፊታቸውን አየ። «አይዞዎት አባ፤ የሚመጣው ቅዳሜ እደግመዋለሁ። ያኔ ይሠራል» አላቸው።

ቅዳሜ ደረሰ። ሀረገወይን ልትበጠብጥለት ብትል እንቢ አለ፤ ራሱ ጓሮ ወስዶ በጠበጠው። ጭልጥ አደረገና ፊቱ ተጨማደደ። «ዛሬስ ኮሶ ነው!» አለ። ቄሱ «እንዲያ ነው እንጂ!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ኮሶ የጠጣን ሰው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያዞረዋል። እንግዳ አይገባበትም፤ ጠያቂ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥቷል» ተብሎ ከደጅ ይመለሳል፤ ማንም አይቀየም። ስለዚህ ፍስሐ ብዙም ሳይቆይ ማስመለስ ሲጀምር ቤቱ በሐሴት ሞላ። «ሠራ!» አሉ ቄሱ። ሀረገወይን ሳፋ ይዛ እየተመላለሰች «እሰይ! ዛሬ የትል ዘር ከዚህ ቤት ይነቀላል» ትላለች። ፋርሂያ ወተት ይዛ መጣች፤ ከደጅ መለሰቻት። ዶዮ አህያውን ቆዳ ጭኖ መጣ።

«አካም፣ ናጋ?» አላት።

«ናጋ፣ ናጋ» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቆዳውን ይዘህ ዞር በልልኝ፤ ወንድምየው ቤት ናቸው። እሱም ኮሶ ጠጥቷል።»

ዶዮ ከውስጥ የሚመጣውን ማቃሰት ሰማ። «ኮሶ ሰውን እንዲህ ያደርጋል እንዴ?»

«ኮሶ ነዋ! ቀላል መሰለህ?» ብላ ሳቀችበት። ዶዮ አህያውን አዞረ።

ከሰዓት በኋላ ትውከቱ መልኩን ለወጠ፤ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ደም ቀላቀለ። ፍስሐ ጉሮሮውን ይዞ «እሳት፣ እሳት» ይላል። ቄሱ ሊጸልዩ ወደ ጓዳ ሲገቡ የሀረገወይንን እጅ ጎተተ።

«ሀረግ፣ ከቀዩ ጨው ቆንጠር አድርጌበታለሁ።»

«ምን አልክ?»

«የቆዳውን ትል ይገድል የለ? የሆዱንም ይገድላል ብዬ ነው። ኮሶው ደክሟል፤ እሳቸውም ተሳቀቁ። አላየሻቸውም?»

«አንተ ሰውዬ አብደሃል! ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ይለፍልኛል፤ የወጣው ወጥቷል። ለማንም እንዳትነግሪ። የምን ጨው ነው ቢሉሽ ምን ልትይ ነው? በእሳቸው ፊት ፋቂ ልታደርጊኝ ነው? ሉሲ ትሙት በይ።»

«ፍስሐ…»

«ሉሲ ትሙት በይ አልኩሽ!»

«ሉሲ ትሙት» አለች።

በልጅ ሞት የተማለ መሐላ ቀልድ አይደለም። ይህን የማያውቅ ይፍረድባት፤ እኔ አልፈርድም።

ሌሊቱን አልተሻለውም። በማግሥቱ ቄሱ ራሳቸው «ኮሶ ይህን ያህል አይቆይም፤ ተነሱ» አሉና በጋሪ ጭነው ሆስፒታል ወሰዱት። ዶክተር እስራኤል የሚባል ወጣት ሐኪም ተቀበላቸው። ሆዱን ዳሰሰ፣ ጉሮሮውን አየ፣ ግንባሩን ቋጠረ።

«ምንድነው የጠጣው?»

«ኮሶ» አለች ሀረገወይን።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ሥራው ምንድነው?»

«መጋዘን ነው የሚሠራው፤ የመንግሥት።»

ሐኪሙ የፍስሐን እጅ አነሳና ጣቶቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ። በጣቶቹ ላይ ያሉትን ክብ ጉድጓዶች አንድ በአንድ አያቸው። «ይህስ ቁስል?»

ሀረገወይን ቀና ብላ ቄሱን አየች። ቄሱም እሷን ያዩ ነበር። ፍስሐ ዓይኑን ጨፍኗል።

«እሳት ነው» አለች።

«አዎን፣ እሳት ነው» አሉ ቄሱም።

ሐኪሙ ሁለቱንም አየ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» አለ ቀስ ብሎ። «ኮሶ ይህን አያደርግም። የረሳችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ፤ ማንንም አልቆጣም።» ሀረገወይን ብርድ ልብሱን ማስተካከል ያዘች። ሐኪሙ ግሉኮስ ሰቀለለት፣ ሽንቱን በደንብ ጠብቁ ብሎ ሄደ። ሽንት ግን አልመጣም።

ሀረገወይን ቄሱ እስኪወጡ ጠበቀች። ቄሱ አልወጡም። ዳዊታቸውን ይዘው ከአልጋው ራስጌ ተተከሉ። «አባ፣ እስቲ ወጣ ብለው አየር ይውሰዱ» ብትላቸው «እዚሁ ይሻለኛል» ይላሉ። «ምሳ ይብሉ» ብትላቸው «አልራበኝም» ይላሉ። ሐኪሙን ወደ ኮሪደር ጠርታ በሹክሹክታ መንገር አትችልም ነበር ወይ ትሉኛላችሁ። ትችል ነበር። ሁለት ጊዜ ተነስታ በሩ ድረስ ሄደች። ሁለቱንም ጊዜ ሉሲ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት፣ ፍስሐም ከአልጋው አየት አደረጋት፤ ተመለሰች። እስከ ነገ ይሻለዋል፣ አለች ለራሷ። አንድ ነገር ከእግሯ ጀምሮ እያደነዘዛት ሲወጣ የተሰማት ያኔ ነው። መጀመሪያ ድካም መሰላት።

በማግሥቱ ጠዋት የፍስሐ ዓይን ነጩ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሰው አይለይም። ቄሱ ይህን ሲያዩ «ጠበል ላምጣ» ብለው ወጡ። ጥምጥማቸው ከበሩ እንደተሰወረ ሀረገወይን ሮጠች። ሐኪሙን ሌላ በሽተኛ እያየ አገኘችውና እዚያው ቆማ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ቀዩን ጨው፣ ቆዳውን፣ መሐላውን።

«መልኩ ብርቱካናማ ነው? የሚያብለጨልጭ?»

«አዎን።»

ሐኪሙ የያዘውን አስቀመጠ። «ክሮሚየም ያለበት ጨው ነው፤ ዳይክሮሜት ይባላል» አለ። «መርዝ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮንና ሆድን ያቃጥላል፤ ከዚያ ደም ውስጥ ይገባና ኩላሊቱንና ጉበቱን ይይዛል። ሽንቱ የቆመው ለዚህ ነው፣ ዓይኑም ቢጫ የሆነው። እኔ ተቅማጥና የውኃ ማነስ ነው ብዬ ፈሳሽ ስሰጠው ነው የዋልኩት።»

«አሁን ምን ይደረጋል?»

«ደሙን የሚያጥብ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ያለው አዲስ አበባ ነው። መኪና ላፈላልግ።»

«ትናንት ብነግርህ ይድን ነበር?»

ወጣት ነውና መዋሸት ገና አልለመደም። «አላውቅም» አላት። «ቆንጠር የተባለችውም ብዙ ናት። ግን ትናንት ብትነግሪኝ መኪናው ትናንት ይሄድ ነበር።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ቢጮህባት፣ ቢሰድባት፣ አንድ ነገር ይሰማት ነበር። ምንም አልተሰማትም። ተመልሳ የባሏን እግር በነጠላዋ ሸፈነች።

መኪናው ኃይሌ ከሚባል ሹፌር ጋር ቶሎ ተገኘ። ፍስሐን ከኋላ አስተኙት፤ ግሉኮሱን ሀረገወይን ወደ ላይ ይዛ በአንድ ጎኑ ተቀመጠች፣ ቄሱ በሌላው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አቧራና ጉድጓድ ነው። ኃይሌ በተቻለው እያባበለ ነዳ። ቆላው እያለቀ፣ ወደ ክብረ መንግሥት የሚያስገባው ደን ሲጀምር፣ ፍስሐ አንድ ጊዜ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠና ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ሌላ አላስገባም። ሀረገወይን ግሉኮሱን እንደያዘች ቆየች። ቄሱ ናቸው እጇን ይዘው ዝቅ ያደረጉላት።

ኃይሌ መኪናውን አቁሞ ወረደ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። «እማማ፣ ወደፊት መሄድ…» ብሎ ጀመረና ተወው። መኪናውን አዙሮ ወደ ነገሌ ተመለሰ።

ብዙ መንገድ ሄዱ። እንባ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ደረቷን ልትመታ እጇን አነሳች፣ ለምን እንዳነሳችው ጠፋባትና ጭኗ ላይ መለሰችው። ከዚያ የሚደበቅ ነገር እንዳልቀረ ታወቃት። ለማን ይደበቃል?

«አባ» አለች፣ «ፍስሐ መጋዘን ሠርቶ አያውቅም። ቆዳ አልፊ ነው። እነዚያ ቁስሎች የእሳት አይደሉም፤ ቆዳ ከሚያለፋበት ጨው የመጡ ናቸው። ኮሶው ደክሞብዎት እንዳያፍሩ ብሎ እሱኑ ጨው ጨመረበት። እንዳልናገር አስምሎኝ ነው።»

ቄስ ፍሬሰንበት ጥምጥማቸውን ፈትተው የወንድማቸውን አገጭ እያሰሩ ነበር። እጃቸው አልቆመም።

«ቆዳ እንደሚያለፋ አውቃለሁ» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ከዚህ ዘግይተው የተመለሱ ወታደሮች ነግረውናል። እናታችንም አውቃ ነው የሞተችው፤ ‹ልጄ ሠርቶ በላ፣ አልሰረቀ› ብላ እየመረቀችው። አንድም ቀን አላፈርንበትም። እሱ ያፍራል ብለን ዝም አልን።»

«ሐኪሙ እጁን ሲያነሳስ?» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ያኔስ አባ? እሳት ነው አሉ እኮ።»

«አንቺን አየሁሽ» አሉ ቄሱ። «እሳት ነው ስትዪ በሰው ፊት እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው ነገርሽን ያጸናሁልሽ። ጨው መጠጣቱን በምን ልወቅ? የቆዳ ሥራ ነው ብል ኖሮ ሐኪሙ የት እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር። አፌ ላይ ነበረ።» መሐረባቸውን ፈለጉ፤ አላገኙትም። «አንቺስ? ለምን አልተናገርሽም?»

«እኔም እርስዎን ነው ያየሁት።»

ቄሱ ማልቀስ ጀመሩ፤ እንደ ሕፃን፣ በድምፅ። ሀረገወይን አጎንብሳ አየቻቸው።  መንገዱ ጉድጓድ ላይ ሲጥላቸው ፍስሐ እንዳይንሸራተት እሷ በእግሩ፣ እሳቸው በትከሻው ያዙት፤ ነገሌ እስኪገቡም እንደያዙት ነበሩ።